ማረሻ የሚያወጣው ታሪክ
ከመካነ ሰላም እስከ መቅደላ በማሳ ውስጥ ስለሚገኙ ቅርሶች

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚያርስ ገበሬ ማሳውን ከማንም በላይ ያውቀዋል። የትኛው ጥግ ውሃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ትልም ላይ ማረሻ ድንጋይ እንደሚነካ፣ የትኛው ዋልካ በበጋ ተሰንጥቆ የከብት እግር እንደሚይዝ በቃሉ ይዘረዝራል። አልፎ አልፎ ግን ማረሻው የሚነካው ነገር ድንጋይ አይሆንም። የዛገ ብረት፣ አረንጓዴ የለበሰ ነሐስ፣ የእርሳስ ጥይት፣ የልብስ ቁልፍ፣ የመስተዋት ዶቃ ወይም የማርያ ቴሬዛ ብር ሊሆን ይችላል። ገበሬው በሬውን አቁሞ ያነሣዋል፣ አፈሩን ይጠርግለታል። ከዚያ በኋላ ለቀጥቃጭ ይሰጠው፣ ለነጋዴ ይሽጠው ወይስ ለሚመለከተው አካል ያሳውቅ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ለጥያቄው ትክክለኛውን መልስ ለማግኘት አስቀድሞ መሬቱ ምን እንደተሸከመ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጥንታዊው የአምሐራ ምድር

በአባይ፣ በበሽሎና በወለቃ ወንዞች መካከል የሚገኘው ደጋ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት መመላለሻ ነበር። አምሐራ ተብሎ ይጠራ በነበረው በዚህ ግዛት ነገሥታቱ ታላላቅ አብያተ ክርስቲያናትን አሠርተዋል። አፄ በእደ ማርያም (ከ1460 እስከ 1471 ዓ.ም. የነገሡት) አትሮንሰ ማርያምን አሠርተው የቀደሙትን ነገሥታት አጽም በዚያ አሳርፈዋል። በአፄ ናዖድ ተጀምሮ በልጃቸው በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የተፈጸመው መካነ ሥላሴም በዘመኑ ተወዳዳሪ እንዳልነበረው ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቤተ ክርስቲያን አይቶ ጽፎለታል።

ሁለቱም በ1524 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. በ1531) በኢማም አሕመድ ዘመቻ ተቃጠሉ። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የመካነ ሥላሴ ግድግዳ በወርቅና በብር ሰሌዳ የተለበጠ እንደነበረና ወታደሮቹ ወርቁን እየላጡ እንደወሰዱት ይተርካል። ይህ የሚያስገነዝበው አንድ ቁም ነገር አለ። ከዘራፊና ከእሳት የተረፈው ሚስማር፣ የመዝጊያ ማጠፊያ፣ የጽና ሰንሰለት፣ የተጠረበ ድንጋይ በአፈር ውስጥ ቀርቷል። በወርቅ ሚዛን ሲታይ ዋጋ የለውም፤ አንድ ሕንፃ የት ቆሞ እንደነበረ ለማወቅ ግን ከወርቁ ይልቅ ሚስማሩ ይጠቅማል። ወርቅ ከቦታ ቦታ ይጓዛል፣ የተቃጠለ በር ሚስማር ግን በሩ በወደቀበት ይቀራል።

ከአብያተ ክርስቲያናቱም በፊት የኖረ ሕዝብ ምልክቱን ትቷል። በአጎራባቹ መንዝና በአካባቢው የተጠኑት፣ በሻይ ወንዝ ስም «የሻይ ባህል» የተባሉት የድንጋይ ክምር መቃብሮች ከ10ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የተሠሩ ናቸው። በውስጣቸው ጥቁር የሸክላ ዕቃና ከባሕር ማዶ በንግድ የመጡ የመስተዋት ዶቃዎች ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ክምር ከሩቅ ሲታይ ገበሬ ማሳውን ሲያጸዳ ከከመረው ድንጋይ የተለየ አይመስልም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.

ከደቡብ ወሎ መሬት በዓለም ታሪክ ስሙ በስፋት የሚነሣው መቅደላ ነው። አፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ እጅ ባለሙያዎችን በጋፋት ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከመድፎቹ ሁሉ የገዘፈው ሴባስቶፖል 7 ቶን ገደማ ይመዝናል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ገደል እያስቆፈሩና መንገድ እያስጠረጉ መቅደላ አደረሱት። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ ይገኛል፤ በአዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው አምሳያው ነው።

በሌላ በኩል በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ ወደ ደጋው ወጣ። ጦሩ 13,000 ያህል ወታደር ነበረው፤ ለመድፍ መሸከሚያ 44 ዝሆኖችን ከሕንድ አምጥቷል። ስንቁን በመንገዱ ላይ ከነበረው ገበሬ በማርያ ቴሬዛ ብር እየገዛ ነበር የተጓዘው። ሕዝቡ ሌላ ገንዘብ ስለማይቀበል ብሩ ቪየና ላይ እንዲቀረጽ ታዝዞ መጥቷል።

ሁለቱ ጦሮች የተገናኙት በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 10 ቀን 1868) ከመቅደላ አምባ ሥር በሚገኘው አሮጌ በተባለ ሜዳ ላይ ነው። በፊታውራሪ ገብርዬ የሚመራው የቴዎድሮስ ጦር ከፈላ ኮረብታ ቁልቁል ወረደ። የያዘው ጠመንጃ በአብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርስ ነበር፤ በዚያ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። በእንግሊዝ በኩል የተሰለፉት ወታደሮች በኋላ በኩል የሚጎርሰውን ስናይደር ይዘዋል። ይህ መሣሪያ በትልቅ ውጊያ ላይ የተፈተነው ያን ጊዜ ነው። በአፈሙዝ የሚጎርሰው ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲተኩስ ስናይደር አሥር ጊዜ ያህል ይተኩሳል። የባሕር ኃይሉ ክፍልም ሮኬት ይወነጭፍ ነበር። በእንግሊዞች ግምት ከኢትዮጵያውያን 700 ያህል ሲሞቱ ከ1,000 በላይ ቆሰሉ። ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያው ወደቁ። ከእንግሊዝ ጦር የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ሁለቱ በቁስላቸው ሞተዋል።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ በፋሲካ ማግስት ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ።

የተወሰደውና የቀረው

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋና ትምህርት ነው። መቅደላ ተዘረፈ፣ መድፎቹ እንዲሰባበሩ ተደረገ፣ ሚያዝያ 10 ቀን አምባው ተቃጠለ። ዘረፋውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 የሚጠጉ በቅሎዎች አስፈልገዋል። ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደረስ ዕቃው ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ፣ ገንዘቡም ሲከፋፈል ለአንድ ተራ ወታደር የደረሰው አራት ብር ገደማ ነው። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆምስ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትን ሰበሰበ። የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋም ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። ሁለቱ ዕቃዎች በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ሲታዩ ኖረዋል።

ኢትዮጵያ እነዚህን ቅርሶች ለማስመለስ ከመቶ ዓመት በላይ ስትጠይቅ ቆይታለች። ጥቂቶቹ ተመልሰዋል፤ ለምሳሌ በ1994 ዓ.ም. ከኤድንብራ አንድ ታቦት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአፄ ቴዎድሮስ የጸጉር ቁራጭ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ደብዳቤ ተጽፏል፣ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ሽማግሌ ተልኳል። በአራት ብርና በአራት ፓውንድ የሄደ ነገር ለመመለስ ትውልድ ይፈጃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ዛሬ በማሳው ያገኘውን ዕቃ በጥቂት መቶ ብር ለመንገደኛ ሲሸጥ የደላንታውን ጨረታ በገዛ እጁ እየደገመ መሆኑን ሊዘነጋው አይገባም።

ቁልፍና ቀለህ ምን ይናገራሉ?

«የዛገ ቀለህና የወታደር ቁልፍ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ እግረኛ ወታደር ቁልፍ ላይ የክፍለ ጦሩ ቁጥር ይቀረጽ ነበር። ወደ መቅደላ ከዘመቱት መካከል 4ኛው፣ 33ኛውና 45ኛው ክፍለ ጦር ይገኙበታል። ስለዚህ ቁጥር ያለበት አንድ ቁልፍ በአንድ ማሳ ላይ ቢገኝ የየትኛው ክፍል ወታደር በዚያ እንዳለፈ ወይም እንደሰፈረ ያመለክታል። የስናይደር ቀለህ የወደቀበት ቦታ ተኳሹ የቆመበት ነው። ክቡ የእርሳስ ጥይት የተገኘበት ደግሞ ከወዲያ በኩል የተተኮሰው ያረፈበት ነው። ቀለሁንና ጥይቱን በካርታ ላይ ያሰፈረ ሰው ገብርዬና ጓዶቹ እስከ ምን ድረስ ገፍተው እንደደረሱ ሊያይ ይችላል። ስለ አሮጌ ውጊያ በዝርዝር የጻፉት በአብዛኛው አሸናፊዎቹ ናቸው። የተሸነፈው ወገን ቃል በወረቀት ላይ ጥቂት፣ በመሬት ውስጥ ግን ብዙ ሊሆን ይችላል።

ይህ በሌላ አገር ተሠርቶ የታየ ነው። በአሜሪካ ሊትል ቢግሆርን በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1876 የአገሩ ነባር ሕዝቦች የጄኔራል ከስተርን ጦር ደመሰሱ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ሣሩን እሳት በላውና መሬቱ ተራቆተ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት አጥኚዎች ከብረት መፈለጊያ መሣሪያ ባለቤቶች ጋር ተሰልፈው ሜዳውን በመስመር ፈተሹ። የተገኘው ሁሉ ቦታው በካርታ ላይ ሳይመዘገብ አልተነሣም። በቀለሆቹ ላይ ያለውን የመርፌ ምት በማነጻጸር አንድ ጠመንጃ ከየት ወደ የት እንደተንቀሳቀሰ ለይተዋል። ነባሮቹ ተዋጊዎች አስቀድሞ ከታሰበው በላይ ብዙ ዘመናዊ ጠመንጃ እንደነበራቸውም ተረጋገጠ። ከተሸናፊው ወገን የሚተርክ ወታደር ባልተረፈበት ስፍራ ቀለሁ መሰከረ።

የብረት መፈለጊያው መሣሪያ

የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አሠራር ቀላል ነው። በዘንጉ ጫፍ ያለው የሽቦ ጥቅል የማግኔት ኃይል ወደ መሬት ይልካል፤ ብረት ነክ ነገር ሲያጋጥመው ኃይሉ ይለወጥና መሣሪያው ይጮኻል። ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 በአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረ ጥይት ለመፈለግ ሞክሮታል፣ አልተሳካለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፖላንዳዊው መኮንን ዮሴፍ ኮሳትስኪ የሠራው መሣሪያ በ1942 በኤል አላሜይን ፈንጂ ለማጽዳት ዋለ። ከጦርነቱ በኋላ መሣሪያው ወደ ሲቪሉ ገባ፤ በእንግሊዝ አገር በእርሻ ማሳ ላይ የድሮ ቁልፍና ሳንቲም መፈለግ የብዙ ሺህ ሰዎች የዕረፍት ቀን ሥራ ሆነ። በአገራችን ደግሞ በወርቅ አካባቢዎች በባህላዊ አምራቾች እጅ ይታያል።

እንደ ቁልፍ ያለ ትንሽ ነገር ሲሆን መሣሪያው ከአንድ ስንዝር ብዙ አልፎ አያገኝም። የበሬ ማረሻም ከአንድ ስንዝር እምብዛም አይዘልቅም። ይህ ማለት መሣሪያው የሚያገኘውን አብዛኛውን ነገር ገበሬው በየዓመቱ ሲያርስ ይነካዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ጎርፍ በተዳፋት ማሳ ላይ አፈሩን ሲወስድ፣ የእርከን ሥራ ሲቆፈር፣ ዋልካ መሬት በበጋ ሲሰነጠቅና በክረምት ሲያብጥ የተቀበረው ወደ ላይ ይወጣል። ከማንም መሣሪያ በፊት ቅርሱን የሚያየው ገበሬው ራሱ ነው።

የመዶሻው ነገር

እ.ኤ.አ. ኅዳር 1992 በእንግሊዝ አገር ሆክስን በተባለ መንደር አንድ ገበሬ መዶሻው ማሳ ላይ ጠፋበት። የብረት መፈለጊያ ያለውን ወዳጁን እንዲፈልግለት ጠየቀው። ሰውየው ሲፈልግ የብር ማንኪያና የወርቅ ሳንቲም አገኘ። ጥቂት ካነሣ በኋላ መቆፈሩን አቁሞ ለሚመለከታቸው አሳወቀ። አጥኚዎች በማግሥቱ መጥተው 15,000 የሚጠጋ የሮማውያን ሳንቲምና 200 ያህል የወርቅና የብር ዕቃ፣ ከነበሩበት የሣጥን ቅሪት ጋር በሥርዓት አወጡ። መንግሥት 1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፤ ፈላጊውም ከገበሬው ጋር ተካፈለው። መዶሻውም ሳይቀር ሙዚየም ገባ።

በዚያው አገር ዋንበራ በተባለ ስፍራ ግን በ1980ዎቹ የጥንት ቤተ መቅደስ ያለበትን ማሳ ፈላጊዎች በሌሊት ቆፍረው ብዙ ሺህ ሳንቲም ዘረፉ። ገበያ ላይ ሳንቲሙ ታየ፣ የቤተ መቅደሱ ታሪክ ግን ተበጣጠሰ። ከዚህ ዓይነቱ ጥፋት በኋላ አገሪቱ በ1996 ሕጓን አሻሻለች፣ በ1997 ደግሞ ተራ ዜጎች ያገኙትን የሚያስመዘግቡበት አሠራር ጀመረች።

የአገራችንም ገበሬ ከዚህ ክብር ውጪ አይደለም። በአክሱም በሳባ፣ በግእዝና በግሪክ ጽሑፍ የተቀረጸውን የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ያገኙት ገበሬዎች ናቸው። ድንጋዩ ከተገኘበት ሳይነቀል በላዩ ትንሽ ጎጆ ተሠርቶለታል። በ2000 ዓ.ም. ውቅሮ አካባቢ መቃብር ጋዕዋ በተባለ ስፍራ የአካባቢው ሰዎች ያጋጠማቸውን ነገር በማሳወቃቸው ከክርስትና በፊት የነበረ የአልመቃህ ቤተ መቅደስ ሊጠና ችሏል።

ብረቱ ወዴት ይሄዳል?

በደጋው አገር ብረት ውድ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ ከመሬት የወጣ አሮጌ ብረት ወደ ቀጥቃጭ ሄዶ ማረሻ፣ ማጭድ ወይም መጥረቢያ ይሆናል። ይህ የድህነት ብልሃት እንጂ ክፋት አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ኪሎ የማይሞላ ብረት ከሚያተርፈው ገንዘብ ይልቅ የሚያጠፋው ታሪክ ይበልጣል።

የብሩ ነገር ሌላ ነው። በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ስለሚታይ ብዙ ሰው እጅግ ጥንታዊ አድርጎ ይቆጥረዋል። እቴጌዪቱ የሞቱት በዚያ ዓመት ሲሆን ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው ጭምር፣ ያንኑ ቁጥር ይይዛል። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው። «ሚሊዮን ያወጣል» እያለ ቅድሚያ የሚቀበል ደላላ አታላይ መሆኑን ማወቅ ይገባል። በአንጻሩ በእንስራ ተቀብሮ የተገኘ ብር ከነእንስራው፣ ከነቦታው ቢመዘገብ የአካባቢውን ንግድና የመከራ ዘመን ይናገራል።

ያገኙትን በሎሚ፣ በአሸዋ ወይም በአመድ ማሸት ሌላው ጥፋት ነው። ጽሑፉንና ቅርጹን ያጠፋል። በአፈር ውስጥ መቶ ዓመት የቆየ ብረትም አየርና እርጥበት ሲያገኘው በፍጥነት ይበላል።

ሕጉ

በኢ.ፌ.ዲ.ሪ. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 91 መሠረት የታሪክ ቅርሶችን መጠበቅ የመንግሥትና የዜጎች ሁሉ ግዴታ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ ማካሄድን ከልክሏል። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ደንግጓል። ላስረከበው ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለትም ያዛል። የቅርስ ባለሥልጣኑ በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን ካላደረገ ያገኘው ሰው ለክልሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ በዝርዝር አሳውቆ ከኃላፊነቱ ነፃ መሆን እንደሚችልም ሠፍሯል።

እዚህ ላይ የአካባቢ ባለሥልጣናት ድርሻ ከባድ ነው። ገበሬ አንድ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ደረሰኝ ሳይሰጡት ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ መጣል፣ ወይም እንደ ተጠርጣሪ ማመላለስ፣ ሁለተኛ ማንም እንዳያሳውቅ ያደርጋል። አንድ ሰው በአደባባይ ቢመሰገንና ሽልማቱ ቢደርሰው መቶ ሰው ይማርበታል።

የኅብረት ሥራው ድርሻ

የኅብረት ሥራ ማኅበር ለዚህ ሥራ የሚሆን ነገር ሁሉ በእጁ አለ። የአባላት መዝገብ፣ ጸሐፊ፣ ቁልፍ ያለው መጋዘንና ጠቅላላ ጉባኤ አለው። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወረፋ የሚያከፋፍል ማኅበር አንድ ደብተር ከፍቶ የሚከተለውን መመዝገብ አይከብደውም፦ ማን አገኘው፣ መቼ፣ በየትኛው ጎጥና ማሳ፣ ከታወቀ ዛፍ ወይም ወንዝ ስንት እርምጃ ርቆ፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር። የእጅ ስልክ ያለው ወጣት ሳይነሣ ፎቶግራፍ ያንሣው። ከዚያም በቀበሌው በኩል ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይላክና ደረሰኝ ይቀበሉ። መቃብር፣ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የድንጋይ ክምር ከሆነ መቆፈሩ ይቁም፤ እርከኑም በጎን ይለፍ።

ከሁሉ በፊት ግን ነፍስ ይቀድማል። ከ1983 ዓ.ም. በፊት በነበረው ጦርነትም ሆነ በ2014 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ በተካሄደው ውጊያ ሳይፈነዳ የቀረ ተተኳሽ በማሳ ሊገኝ ይችላል። የብረት መፈለጊያ ሲጮኽ ከሥሩ ያለው ቁልፍ ይሁን የእጅ ቦምብ አይለይም። ድቡልቡል ወይም ክንፍ ያለው ብረት ያጋጠመው ሰው እንዳይነካው፣ ልጆችንና ከብቶችን አርቆ ቦታውን ምልክት አድርጎ ለፖሊስ ያሳውቅ። እንዲህ ያለውን ወደ ቀጥቃጭ እሳት መውሰድ ቤተሰብ ይፈጃል።

ከመቅደላ በዝሆን የተጫነው ተቆጥሮ በባዕድ አገር መዝገብ ላይ ሠፍሯል። በአፈራችን ውስጥ የቀረውን የቆጠረው የለም። ቆጠራው የሚጀመረው በመጪው ክረምት እርሻ ላይ፣ ማረሻው የብረት ድምፅ ሲያሰማ በሬውን አቁሞ ጎንበስ ከሚለው ገበሬ ነው። ማኅበሩ ደብተሩን፣ ጽሕፈት ቤቱም ደረሰኙን አዘጋጅተው ይጠብቁት።